የፈትል ኩታ ይመለሳልን?

በየዓመቱ የምረቃው ጊዜ ሲቃረብ በኮሌጆች ግቢ «የባህል ቀን» የሚባለው ይከበራል። በዚያ ቀን፣ ሌላ ጊዜ ከጂንስና ከሹራብ የማይለየው ተማሪ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ ወንዱ እጀ ጠባብ ከነሱሪው፣ ሴቲቱም ጥለቱ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ቀሚስ። የሚመለከተውም ሰው፣ ይልቁንም ዕድሜው የገፋ እንደ ሆነ፣ «ምነው የጥንቱ ልብስ ቢመለስልን!» ማለቱ አይቀርም። እኛም ይህን ምኞት ደጋግመን ስለ ሰማነው፣ የጥንቱ ልብስ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ተለየን፣ ቢመለስስ ምን ይዞ መመለስ እንደሚገባው ለመመርመር አሰብን። ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ሁሉ ለመናገር ግን አንደፍርም። የኮንሶው፣ የሐረሩ፣ የቦረናው ልብስ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። እዚህ የምንናገረው በደጋው አገር ስለሚለበሰው የጥጥ ሸማ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ያገኘነው ነገር ያላሰብነው ነበር። ይኸውም በባህል ቀን የሚለበሰው ልብስ የጥንቱ ልብስ አለመሆኑ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተነሡትን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው እንደሚያስተውለው፣ የብዙው ሰው ሸማ ነጭ ብቻ ነው፤ ጥለት ቢኖረውም ጠባብ ነው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የክብር ልብስ ስለ ነበረ ማንም እንደ ልቡ የሚለብሰው አልነበረም። የእመቤቶቹም ቀሚስ ውበቱ ሸማኔ በሠራው ጥለት ሳይሆን በመርፌ በተጠለፈ ሐር ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ቀሚስ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ከተወሰዱት ዕቃዎች አንዱ ሲሆን የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው፤ በነጭ ጥጥ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ሐር የተጠለፈ ነው። እንግዲህ በዛሬው ቀሚስ ላይ የምናየው ሰፊና ባለ ብዙ ቀለም ጥለት፣ የሚያብረቀርቀውም ክር፣ የቅርብ ዘመን የሸማኔዎች ፈጠራ ነው። አዲስ መሆኑን ስንናገር ለነቀፋ አይደለም፤ እጅግ ያማረ ሥራ አለበት። ነገር ግን የጥንቱን ናፍቆ አዲሱን የሚያቅፍ ሰው የናፈቀው ምን እንደ ነበረ ሳያውቀው ይቀራል።

ሽማግሌዎች ስለ ቀድሞው ልብስ ሲያወሩ ልብ ብሎ ያደመጠ ስለ ጥለት ብዙም ሲናገሩ አይሰማም። የሚያነሡት «ፈትል» የሚለውን ቃል ነው። ኩታው የማን ፈትል እንደ ነበረ፣ ቡሉኮው ስንት ክረምት እንዳሳለፈ፣ በታጠበ ቁጥር እንዴት እየለሰለሰ እንደሄደ ይናገራሉ። ነገሩን ለመረዳት ልብሱ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሸማ ዓይነት የሚለየው በመጀመሪያ በድርቡ ነው። ነጠላ ስሙ እንደሚያመለክተው አንድ እጥፍ ብቻ ነው። ኩታ ሁለት ድርብ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሲሆን ቡሉኮ ደግሞ ከወፍራም ፈትል የሚሠራ፣ ቀን የሚለበስ ሌሊት የሚከናነቡት ከባድ ልብስ ነው። ሁሉም ከሁለት ወርድ የተጋጠሙ ናቸው። ይህም የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ እየወረወረ ስለሚሠራ የሸማው ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ በጋቢ መካከል የሚታየው ስፌት የሰው ክንድ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥጡ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ ይመጣል። ፍሬው እንዲወጣለት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና በቀጭን የብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ዘንጉ ሲንከባለል ፍሬው ወደ ፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡም ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ ሲርገበገብ የተጨማደደው ጥጥ ተፍታትቶ እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። ፈታይዋ አመልማሎውን በግራ እጅዋ ይዛ እንዝርቱን በጭንዋ ላይ በቀኝ መዳፍዋ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ እንዝርቱ ሲሾር ክሩ ይጠመዘዛል፣ እጅዋንም ከፍ እያደረገች ታረዝመዋለች። ከዚያ በእንዝርቱ ላይ ጠቅልላ እንደ ገና ትጀምራለች። እንዝርቱ ሲሞላ የሚወጣው ልቃቂት ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት የሚሰበሰበው እህል ከተፈጨ፣ ወጥ ከተሠራ፣ ልጅ ከተኛ በኋላ በሚተርፈው ጊዜ ስለሆነ ወራት ይፈጃል።

ይህ ፈትል ከፋብሪካ ክር የሚለየው በመልክ ብቻ አይደለም። በደጋን የተነደፈ ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል ላላ ብሎ ይጠመዘዛል፤ በአንድ ቦታ ይወፍራል፣ በሌላው ይቀጥናል። በክሩ ውስጥና በድርቡ መካከል የሚታሰረው አየር ነው ሙቀት የሚሰጠው። የፋብሪካው ክር ግን ጠብቆና ተስተካክሎ ስለሚጠመዘዝ ለጥንካሬው ተመራጭ ቢሆንም ያን ያህል አየር አይዝም። ስለዚህ «የዛሬ ጋቢ እንደ ድሮው አያሞቅም» የሚለው ንግግር የእርጅና ብርድ ያናገረው ብቻ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መፍተል የተከበረ ሥራ ነበር። ትልልቅ እመቤቶች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር፤ ቀጭን ፈትል የምትፈትል ሴትም ባለሙያ ተብላ ትመሰገን ነበር። ይኸው የተከበረው ፈትል ወደ ልብስነት የሚለወጠው ግን በተናቀ ሰው እጅ ነበር። ሸማኔነት በጎንደር በኩል በአብዛኛው የእስላሞችና የቤተ እስራኤሎች፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜዎች ሥራ ሆኖ ሲኖር፣ ባለ ሥራው «ቁጢት በጣሽ» በሚል ስድብ ይጠራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል፤ ከተሰዳቢዎቹ መካከልም ሸማኔው በስም ተጠቅሶአል። አገሩ ሁሉ የሚለብሰውን ልብስ የሚሠራውን ሰው ላለመስደብ ዐዋጅ ማስፈለጉ ስለ ልብሱ ታሪክ ከብዙ ጌጥ የበለጠ ይናገራል። ልብሱ ይመለስ የሚል ሰው ይህኛውም ክፍል አብሮ እንዲመለስ እንደማይፈልግ ተስፋ እናደርጋለን።

የአገራችን ሸማ ከውጭ ዕቃ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ንጹሕ ነገር ነበር ማለትም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ዐድዋ ላይ ይሠራ የነበረው ሸካራ የጥጥ ልብስ በአገሩ ሁሉ በብር ፈንታ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደ ነበረ ጽፎአል። በዚያው ዘመን ግን ለጥለት የሚሆነው ባለ ቀለም ክር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሕንድ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ነበር። እንግዲህ ነጩ የቤት ፈትል፣ ቀለሙ የእንግዳ ነበር።

የፈትሉ መዳከም የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ አቡጀዲ ገባ። ርካሽ ስለ ነበረ ለሱሪና ለእጀ ጠባብ ተፈለገ፤ ሸማው ግን በቦታው ቆየ። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ጨርቁም ክሩም በብዛት መግባት ቻለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1939 የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1961ም የባሕር ዳሩ ሥራ ጀመረ። ሸማኔውም የፋብሪካውን ክር ለድር ያዘ። ይህን ማድረጉ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ድር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ሲረገጥ የሚውል ስለሆነ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይወዳል፣ የእጅ ፈትል ግን ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ ያስቸግረዋል። ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ ቀጠለ። ብዙ ሰው ዛሬ «ፈትል ነው» ብሎ የሚገዛው ጥሩ ጋቢ ይህ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእንዝርት የሆነው ነው። በመጨረሻ ግን በብዙው ልብስ ማጉም ተለወጠ።

ማጉ ለምን ተለወጠ ብለን ስንጠይቅ ምክንያቱ ከሸማኔው ዘንድ አይገኝም። በእጅ በሚፈተልበት አገር ሁሉ አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉታል። በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት ሰዎች የመፍተያ መኪና ለመፍጠር የተጣደፉት ሸማኔው ክር እያለቀበት ስላስቸገረ ነበር። በእኛ አገር እነዚያ ብዙ ፈታዮች እናቶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ጊዜያቸውም ዋጋ አልነበረውም። ማለት፣ ማንም አይከፍላቸውም ነበር። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እናትም በደመወዝ ስትቀጠር፣ እንዝርቱ ከሰቀላው አልወረደም። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥር ሰው ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል ግማሾቻችን ሴቶች ነን፤ የአያቶቻችን እንዝርት ባይቆም ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ አንጽፍም ነበር።

የአለባበሱ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን ያስተወን ክር አልነበረም፤ ኮት ነው። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚለው ተረት ለምክር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በእርግጥም ፈርጅ ነበረው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሸማውን በመስቀል ምልክት አጣፍቶ ይቆማል። በጌታው ፊት ወይም በዳኛ ፊት የሚቀርብ ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቱ ያደርጋል። ሴት ልትሠራ ስትነሣ ነጠላዋን ወገብዋ ላይ ታሸርጣለች። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ልብሱ ራሱ ሕግ አስከባሪ ሆነ ማለት ነው። ሳይመን መሲንግ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመ ጽሑፉ ይህን የሸማ አለባበስ ቃል የሌለው ቋንቋ ብሎ አጥንቶታል። በእርግጥም ሰው ሳይናገር ማዘኑን፣ ማክበሩን፣ መኩራቱን ወይም መቸኮሉን ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

ኮት ግን አንድ ጊዜ ከተቆለፈ በኋላ ለሐዘንም ለደስታም ያው ነው። ልዑል ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ እርሳቸውም መኳንንቱም በነጭ ልብስና በካባ ታይተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በቢሮና በትምህርት ቤት ኮትና ክራባት የሠለጠነ ሰው ምልክት ሆነ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ካኪ ዘመኑን ገዛ። ነጠላ ከሴቶች ዘንድ አልጠፋም፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤትም አልወጣም። ይሁን እንጂ ማደግደግን ብዙ ወጣት በቃሉ እንጂ በሥራው አያውቀውም።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብለን ስለ አጠባው አንድ ነገር እንናገር። ነጭ ሸማ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ስለሆነ ይህ ትዝብት እንዶድን ለዓለም ሳይንስ ያስታወቀ ጥናት መነሻ ሆነ። ስለ አሮጌ ልብስ መጠየቅ የሥራ ፈት ወሬ ነው ለሚሉን ጓደኞቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው።

ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። የፈትል ኩታ ሊመለስ ይችላልን? ይችላል፤ ነገር ግን በድሮው ዋጋ አይችልም። የድሮው ዋጋ ርካሽ የነበረው ፈታይዋ ስላልተከፈላት ብቻ ነው። ለፈታይዋ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ቢታሰብላት፣ ጋቢው ዛሬ በገበያ ከሚሸጠው ብዙ እጥፍ መወደዱ አይቀርም። ሰው በዚህ ዋጋ ይገዛዋልን? ጥቂቱ ይገዛል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሠርግና ለጥምቀት ልብስ ከሽሮ ሜዳ እንደሚያዝዙ እናውቃለን፤ እነርሱ ለእውነተኛው ፈትል ለመክፈል አቅሙ አላቸው። ችግሩ የሚከፍሉት ለጥለቱ እንጂ ለፈትሉ አለመሆኑ ነው። ጥለቱን ደግሞ የውጭ አገር ፋብሪካ በቀላሉ ይቀዳዋል። የአበሻ ቀሚስ አምሳያ የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ በገበያው ውስጥ መግባቱ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ትልቅ ሥጋት ሆኖአል። ፈትልን ግን ማተም አይቻልም። ስለዚህ ሸማኔውን ከዚህ ውድድር የሚያድነው ጥለት ማብዛት ሳይሆን ገዢው ክሩን መለየት መቻሉ ነው የሚል አሳብ አለን።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ መንኰራኵር ያለው የእጅ መፍተያ እንዲስፋፋ ይፈልጋሉ፤ በሕንድ አገር ጋንዲ በ1920ዎቹ መፍተልን የአገር ጉዳይ ያደረጉት በዚህ ዓይነት መሣሪያ መሆኑን ይጠቅሳሉ። ሌሎቻችን ደግሞ እንዝርት በኪስ የሚገባ፣ ቆመው እየሄዱም የሚሠሩበት መሣሪያ ስለሆነ ተጨማሪ ገቢ ለምትፈልግ የገጠር ሴት ይሻላል እንላለን። በዚህ አልተስማማንም። የተስማማነው ፈትሉ በልቃቂት ሳይሆን በሚዛን፣ በቅጥነቱም ደረጃ ተወጥቶለት እንዲገዛ ነው፤ ቀጭን የፈተለችው ከወፍራሙ እኩል የምትከፈል ከሆነ ቀጭን የሚፈትል አይገኝምና።

እስከዚያው ድረስ ጋቢ ወይም ኩታ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነገር ማድረግ ይችላል። ልብሱን ወደ ብርሃን ያንሣው። ማጉ እዚህም እዚያም ወፈር ቀጠን እያለ የሚሄድ ከሆነ የእንዝርት ነው፤ እንደ ተሰመረ መስመር እኩል ከሆነ የፋብሪካ ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በጣቱ ወደ ኋላ ያፍታታው። የእጅ ፈትል ወዲያው ተፈትቶ ወደ ጥጥነቱ ይመለሳል፤ የፋብሪካው ይታገላል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ጫፉ ከእሳት ሲነካ ቀልጦ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ጥጥ ነድዶ አመድ አይሆንም። ይህን ሙከራ አድርገን ስንመለስ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ማን ፈተለው?» የሚለው ነው። ነጋዴው የሸማኔውን አገር፣ አንዳንድ ጊዜም ስሙን ይነግረናል። የፈታይዋን ስም የነገረን ግን እስካሁን የለም።